ሶሌታው ከመሞላቱ በፊት፦ ዲጂታል የሕንፃ ዕቅድን ለግንባታ ሙያተኞች በጨዋታ ማስተማር

ለግንበኛ፣ ለቧንቧ ሠራተኛ ወይም ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዲጂታል ዕቅድ ላስተምር ብሎ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ሶፍትዌር ከፍቶ ነው። ፕሮጀክተሩ ይበራል፣ ስክሪኑ በትንንሽ ምልክቶች ይሞላል፣ አሠልጣኙ "እዚህ ጋ ተጫኑ" ይላል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በሙያው ሃያ ዓመት የቆየው ሰው ማውስ የሚያስቸግረው ደካማ ተማሪ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሳይት ረግጦ የማያውቀው ወጣት ደግሞ የክፍሉ ጎበዝ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ትልቁ ሰው አይናገርም። ቧንቧው በየት ሊያልፍ እንደማይችል የሚያውቀው ግን እሱ ነበር።

ይህ መመሪያ ከሌላኛው ጫፍ ይጀምራል። ሙያተኛው ሕንፃውን በጭንቅላቱ ይዞት ነው የሚመጣው። የጎደለው እውቀቱን ሥራው ሳይጀመር ለሌሎቹ የሚያሳይበት መንገድ ነው። ስለዚህ ጨዋታው ሙያውን የሚያውቅ እንዲያሸንፍበት፣ ኮምፒውተር ብቻ የሚያውቅ ደግሞ እንዲሸነፍበት ተደርጎ መሠራት አለበት። ሶፍትዌሩን በእጅ መንካት ከሰዓት በኋላ ይደርሳል።

የተዘጋጀው ከ8 እስከ 12 ሰው ላለው ቡድን ሲሆን አንድ ሙሉ ቀን ወይም ሁለት ግማሽ ቀን ይወስዳል። ስያሜ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ይህ የአሠራር ዘዴ፣ ማለትም ሕንፃውን ሳይት ላይ ከመሥራት በፊት ከነመረጃው ኮምፒውተር ውስጥ መሥራት፣ ቢአይኤም በሚል ምህጻረ ቃል ይታወቃል፤ አንዳንዱም አሳጥሮ "ቢም" ይለዋል። ክፍል ውስጥ እንዲህ አትበሉ፤ ለፌሮ ሠራተኛ ቢም ብረት ታስሮ አርማታ የሚሞላው አግድም ተሸካሚ ነው፣ እኔም ከዚህ በታች ቢም ስል እሱን ማለቴ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን በቀላሉ "ሞዴል" እንበለው።

ደረጃ 1፦ አንድ ውሳኔ ምረጡ

በአንድ ጨዋታ ሁሉን ማስተማር አይቻልም። ሞዴል ሳይት ላይ የሚረዳባቸው ጥያቄዎች ብዙ ናቸው፦ ቧንቧው በየት ይለፍ? ማን ቀድሞ ይግባ? በእጃችን ካሉት ፕላኖች የትኛው ነው የመጨረሻው? ስንት ብሎኬት ይበቃል? ከነዚህ አንዱን የጨዋታው ዋና ጥያቄ አድርጉ፤ ሌሎቹ ከመጡ በጎን ይምጡ። እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው የመጀመሪያውን ነው፤ ሁለት ነገር አንድ ቦታ ላይ ሲጋጭ ማስረዳት ሳያስፈልግ ይታያልና።

አሠልጣኙ ራሱ ስለ ሞዴሉ ማወቅ ያለበት ብዙ አይደለም፣ ያቺን ግን በደንብ ይወቃት። ተራ ስዕል ላይ ግድግዳ ሁለት መስመር ነው። ሞዴል ላይ ግን ግድግዳው ግድግዳ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ውፍረቱ፣ የተሠራበት ቁስ፣ እሳት ስንት ደቂቃ እንደሚቋቋም አብሮት ተቀምጧል። ይህ መረጃ ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው እንዲሻገር አይኤፍሲ የሚባል ክፍት ቅርጸት አለ። ቢልዲንግስማርት የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ያስተዳድረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ አይኤስኦ 16739 ተብሎ ሙሉ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል። ለሠልጣኞች በዚህ ስም አታድክሟቸው። "ፋይሉን ማንም ይሥራው፣ በነፃ ማየት ትችላላችሁ" ማለት ይበቃል።

ደረጃ 2፦ ኮሪደሩን ንደፉ

ሙሉ ሕንፃ አያስፈልግም። አንድ ኮሪደርና ከኮርኒሱ በላይ ያለው ክፍተት ለቀኑ ሙሉ የሚሆን ጭቅጭቅ ያወጣል። ልኩ ግን በዘፈቀደ አይመረጥም፤ ጨዋታው የሚያዝበት ወይም የሚፈርስበት እዚህ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ ሥሩት። እኔ የምጠቀምበት ይኸው፦

ኮሪደሩ 1.50 ሜትር ስፋት፣ 6 ሜትር ርዝመት አለው። ካለቀው ወለል እስከ ሶሌታው (ከላይ ያለው የአርማታ ንጣፍ) ሥር 2.90 ሜትር ነው። መሃል ላይ፣ 3 ሜትር ርቀት ላይ፣ አንድ ቢም ኮሪደሩን ያቋርጣል፤ ከሶሌታው 25 ሳንቲሜትር ወርዶ ሥሩ 2.65 ላይ ያርፋል። ኮርኒሱ 2.45 ላይ ነው፤ ከነፍሬሙ 5 ሳንቲሜትር ስለሚወፍር ነፃው ቦታ የሚጀምረው ከ2.50 ነው። ስለዚህ ከኮርኒሱ በላይ 40 ሳንቲሜትር ክፍተት አለ፣ ከቢሙ ሥር ግን 15 ብቻ።

በዚህ ውስጥ ሦስት ነገር ማለፍ አለበት፦ 11 ሳንቲሜትር የፍሳሽ ቧንቧ፣ 40 በ20 የሆነ የአየር ቱቦ፣ 30 ሳንቲሜትር ስፋትና 6 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው የኬብል ትሬይ (ኬብሎች የሚደረደሩበት ትሪ)።

የአየር ቱቦው ከቢሙ ሥር እንደማያልፍ ማንም ያያል፤ 20 ሳንቲሜትር 15 ውስጥ አይገባም። ተንኮሉ ያለው ቧንቧው ላይ ነው። በሜትር 2 ሳንቲሜትር መውረድ አለበት ተብሎ ፕላኑ ላይ ተጽፏል። ከቢሙ ሥር ታክኮ ቢያልፍ ጀርባው 2.65፣ ሆዱ 2.54 ላይ ነው። ከዚያ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ 3 ሜትር ይቀረዋል፤ ማለትም 6 ሳንቲሜትር ይወርድና ሆዱ 2.48 ላይ ያርፋል። ኮርኒሱ ውስጥ 2 ሳንቲሜትር ገባ።

ሁለት ሳንቲሜትር። ወረቀት ላይ በዓይን አትታይም፣ ሳይት ላይ ግን ኮርኒሱ አይገጥምም።

መውጫ መንገዱ ከአንድ በላይ እንዲሆን አድርጉ፣ ሁሉም ደግሞ ዋጋ ያስከፍል። ተዳፋቱን በሜትር ወደ 1 ሳንቲሜትር መቀነስ ይቻላል፤ ብዙ ደንቦች ለዚህ መጠን ቧንቧ ይፈቅዳሉ፣ ሆዱም 2.51 ላይ ያርፋል። ቢሙ ከመሞላቱ በፊት ስሊቭ (ማለፊያ ቀዳዳ የሚያስቀር አጭር ቱቦ) አስቀምጦ ቧንቧውን በውስጡ ማሳለፍ ይቻላል፤ ይህን የሚፈቅደው መሐንዲሱ ብቻ ነው፣ ቀዳዳው ወደ ኮለኑ (ቢሙ የሚያርፍበት ቋሚ ተሸካሚ) በተጠጋ ቁጥር ደግሞ መልሱ ወደ እምቢታ ያዘነብላል፤ ቢሙን እንደ መቀስ የሚቆርጠው ኃይል እዚያ ይበረታል። የአየር ቱቦውን ወደ 70 በ12 ዝርግ ማድረግ ይቻላል፤ አየር የሚያልፍበት ስፋት ከ800 ወደ 840 ካሬ ሳንቲሜትር ቢያድግም፣ ዙሪያው ከ120 ወደ 164 ሳንቲሜትር ስለሚረዝም አየሩ ከቆርቆሮው ጋር ይበልጥ ይታሻል፣ ማራገቢያው ይደክማል። ኮርኒሱን ዝቅ ማድረግም ይቻላል፣ ባለቤቱ ከተስማማ።

ደረጃ 3፦ ካርቶኑን፣ ወረቀቱን፣ ሞዴሉን አዘጋጁ

ካርቶን ስል ቀልድ የሚመስለው ሰው አለ። ለዲጂታል ሥልጠና ካርቶን ለምን ይሉኛል። ምክንያቱም ሙያተኛ የሚያምነው እጁን ነው፤ ሞዴሉ የተናገረውን በእጁ ሲያረጋግጥ ብቻ ሞዴሉን ያምነዋል፣ ወይም የት ላይ እንደማይታመን ያውቃል።

ከኮርኒሱ ሥር እስከ ሶሌታው ያለውን 45 ሳንቲሜትር ብቻ በአንድ አምስተኛ ልክ ሥሩት፦ 120 ሳንቲሜትር ርዝመት፣ 30 ስፋት፣ 9 ከፍታ ያለው ሳጥን። አንዱ ረጅም ጎን ክፍት ይሁን፣ ለመለካት። ቢሙ ከላይ 5 ሳንቲሜትር የሚወርድ ጠንካራ ካርቶን ነው። ኮርኒሱ 1 ሳንቲሜትር የሚወፍር፣ ከታች የሚገባና የሚወጣ ክዳን ይሁን። የአየር ቱቦው 8 በ4 ሳንቲሜትር የሆነ የካርቶን ቱቦ፣ ትሬዩ 6 በ1.2። ለቧንቧው 20 ሚሊ የኤሌክትሪክ ኮንዲዩት (ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ) ውሰዱና ውፍረቱ 22 ሚሊ እስኪሆን ፕላስተር ጠቅልሉበት። ይህቺን ጥቅልል አትዝለሏት፤ 2 ሚሊ እዚህ ማለት 1 ሳንቲሜትር ሳይት ላይ ነው፣ ያለሷ ጨዋታው ይከሽፋል።

ወረቀቱ፦ ለእያንዳንዱ ሙያ የራሱን መስመር ብቻ የያዘ ፕላን። ቢሙ የሚታየው የስትራክቸር ፕላኑ ላይ ብቻ ነው። እሱን አሠልጣኙ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፣ ለጠየቀ ስጡ፣ ላልጠየቀ ዝም በሉ።

ሞዴሉን ፍሪካድ በሚባለው ሶፍትዌር ላይ፣ ወይም ብሌንደር በሚባለው ላይ ከቦንሳይ ተጨማሪው ጋር መሥራት ይቻላል፤ ሁሉም በነፃ የሚገኙ ናቸው። ሞዴል መሥራት የሚችል ሰው ይህን ኮሪደር በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ወደ አይኤፍሲ ቀይራችሁ በነፃ ማሳያ ሶፍትዌር ክፈቱት። ሁለት ነገር በሞዴሉ ላይ ሆን ብላችሁ ተዉ፦ የቧንቧውን መጋጠሚያ አንገትና ማንጠልጠያዎቹን። ለምን እንደሆነ ዙር 2 ላይ ይመጣል።

ስለ ቪአር መነጽር (ሞዴሉ ውስጥ የቆሙ የሚያስመስለው) የሚጠይቁኝ አሉ። ገንዘብ ካላችሁ ግዙት፣ ለዚህ ጨዋታ ግን አይጠቅምም። አንድ ሰው ለብሶ ሲዞር አሥሩ ቁጭ ብለው ያያሉ፤ ጨዋታው ደግሞ የክርክር ጨዋታ ነው። ማይንክራፍት የሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታም ወጣቶቹን ይስባል፣ ነገር ግን እዚያ አንዱ ጡብ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ነው። በሜትር እየገነባችሁ ስለ ሁለት ሳንቲሜትር ማስተማር አትችሉም።

ደረጃ 4፦ ሚና አከፋፍሉ

ሰዎቹን ሁለት ሁለት አድርጉ፦ ቧንቧ፣ አየር፣ ኤሌክትሪክ፣ ግንባታ። በመጀመሪያ ዙሮች ሁሉም የገዛ ሙያውን ይጫወት። ሁለት ሰው ከተረፈ ባለቤትና ፎርማን ይሁኑ። መሐንዲሱን አሠልጣኙ ይጫወተው፣ ፎርማንነትን ግን እንዳትወስዱ፤ ከወሰዳችሁ ሁሉም መልስ ከናንተ ይጠብቃል።

አንጋፋ ሙያተኛና ኮምፒውተር የሚቀለው ወጣት ባንድ ጥንድ ቢገቡ ጥሩ ነው፣ ግን ደንብ ይኑረው፦ ታብሌቱን የያዘው አይወስንም። ወጣቱ "ጋሼ፣ እዚህ ልቁረጠው?" ብሎ ካልጠየቀና ካልተፈቀደለት ሞዴሉን አያዞርም፣ መስመር አያንቀሳቅስም። መጀመሪያ ላይ ያስቃል። ትንሽ ቆይቶ ግን ትልቁ ሰው "ወደ ግራ አዙረው፤ እስቲ ከሥሩ አሳየኝ" ማለት ይጀምራል፤ ማውስ ሳይነካ ሞዴል እያነበበ ነው ማለት ነው።

ደረጃ 5፦ ሦስቱን ዙሮች አጫውቱ

ነጥቡ ወጪ ነው፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። አንድን ነገር አንስቶ እንደገና መትከል 3 ነጥብ፣ አርማታ ከመሞላቱ በፊት ስሊቭ ማስቀመጥ 1፣ ከተሞላ በኋላ ቢም መብሳት 10። ቁጥሮቹ የጨዋታ ቁጥሮች ናቸው፣ እንደፈለጋችሁ ቀይሯቸው፤ በ1ና በ10 መካከል ያለው ርቀት ግን ይቆይ። ግጭት አስቀድሞ ያሳወቀ 2 ነጥብ ይቀነስለታል፣ የራሱ ስህተት ቢሆን እንኳ። ይህ የመጨረሻው ደንብ ዋናው ነው። ጥንዶቹን እርስ በርስ አታወዳድሩ፣ ስም ከነደረጃው ሰሌዳ ላይ አትጻፉ። ውድድሩ በሰው መካከል ከሆነ ሰው ስህተቱን ይደብቃል፤ ሁሉም እንደ አንድ ሳይት ይቆጠሩና ዙር 1ን በዙር 2 ይብለጡት።

ዙር 1፣ በወረቀት። 15 ደቂቃ ስጡ። እያንዳንዱ ጥንድ በራሱ ፕላን ላይ መስመሩን ይስላል፣ ቁራጩን ይቆርጣል፣ ሳጥኑ ውስጥ በፕላስተር ይለጥፋል። ከሌላው ሙያ ጋር መነጋገር ክልክል ነው። "ይሄማ ሳይት ላይ የለመድነው ነው" የሚል አይጠፋም። ቀድሞ የደረሰ ጥሩውን ቦታ ይይዛል። የአየር ቱቦው ቢሙ ጋ ደርሶ ይቆማል። ቧንቧው በሰላም ያለፈ ይመስልና ኮርኒሱ ሲገባ በ4 ሚሊ ይገፋዋል። እናንተ አትግቡ፣ አታስረዱ፤ የፈጀውን ሰዓትና ስንቴ ተነቅሎ እንደተተከለ ብቻ ጻፉ።

ዙር 2፣ በሞዴል። አሁን ሁሉም አንድ ስክሪን ዙሪያ ይሰበሰባሉ፣ መነጋገርም ተፈቅዷል። 20 ደቂቃ። ካርቶን ከመቆረጡ በፊት የሁሉንም መስመር የሚያሳይ አንድ ስምምነት መፈረም አለባቸው። እዚህ ላይ ሶፍትዌሩን ግጭት እንዲፈልግ እዘዙት። የሚያወጣው ዝርዝር ይረዝማል፤ አንዱን ቱቦ ከአንዱ ቢም ጋር ደጋግሞ ሊቆጥረው ይችላል። ሠልጣኞቹ ዝርዝሩን በሁለት ይክፈሉት፦ ሁለት ነገር አንድ ቦታ የያዘበት፣ ሳይነካኩ ግን መፍቻ ወይም እጅ የማያስገባ ሆኖ የተጠጋበት። ሁለተኛውን ዓይነት የሚያውቅ ሥራውን የሠራ ሰው ነው፤ ለቫልቭ ስንት ሳንቲሜትር ይተው እንደሆነ ለሶፍትዌሩ የሚነግረው እሱ ነው።

ብዙ ጊዜ አንዱ ይነሳና "ተዳፋቱን በሜትር 1 እናድርገው" ይላል። ሞዴሉ ይቀበላል፤ ሆዱ 2.51፣ ኮርኒሱ 2.50፣ ግጭት የለም። ተዉአቸው። የቧንቧ ሠራተኛው ግን ስክሪኑን እያየ ራሱን መነቅነቅ ይጀምራል። የመጋጠሚያው አንገት ከቧንቧው ይወፍራል፤ ማንጠልጠያውም ሥሩ ዞሮ ነው የሚይዘው። ያቺ 1 ሳንቲሜትር የለችም። ሞዴሉ አንገት ስላልተሳለለት አላወቀም። ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ይህን የተናገረ እጥፍ ቅናሽ፣ 4 ነጥብ፣ ያግኝ። ማንም ካልተናገረ ቧንቧው ላይ የፕላስተር ቀለበት ጨምሩና ኮርኒሱን ራሳቸው ይግጠሙት።

ይህ ቅጽበት የቀኑ ዋና ትምህርት ነው። ማያ ገጹ ላይ አረንጓዴ ስለበራ ሥራው ትክክል ነው ማለት እንዳልሆነ በራሳቸው ሙያ አዩት። ከዚያ ወዲያ ማንኛውም ሞዴል ፊት ሲቆሙ መጠየቅ ያለባቸውን አስይዟቸው፦ ይህ ቧንቧ ሽፋኑን ይዟል? ማንጠልጠያው ተስሏል? ለጥገና በየት ይገባል?

የተገኘው ችግር ይጻፍ። በቃል ያለ ይረሳል እንደሚባለው፣ "ነግሬሃለሁ" ሳይት ላይ ማስረጃ አይሆንም። ቢሲኤፍ የሚባለው ቅርጸት የተሠራው ለዚህ ነው፤ ሙሉውን ሞዴል ሳይልኩ የችግሩን ቦታ፣ ችግሩ የታየበትን አቅጣጫ፣ አስተያየቱንና መልስ የሚጠበቅበትን ሰው ይዞ ይሄዳል። ለጨዋታው ትንሽ ካርድ ይበቃል፤ አራቱ ነገሮች ግን አይጉደሉ። "ቧንቧው አይመችም" የሚል ካርድ መልሱ፤ "ከቢሙ ወዲያ 3 ሜትር ላይ የቧንቧው ሆድ ኮርኒሱን 2 ሳንቲሜትር ይነካል፣ መሐንዲሱ ስለ ስሊቭ ይመልስ" የሚለውን ተቀበሉ። መጻፍ የሚከብደው ሰው ካለ ስዕልና ቀስት ያድርግ፣ ወይም ጓደኛው ይጻፍለት።

ዙር 3፣ ለውጥ። ሁለት ዜና በአንድ ጊዜ አምጡ፦ ባለቤቱ መታጠቢያ ቤቱን ወደ ሌላኛው ጎን አዛውሯል፣ ቢሙም ትናንት ተሞልቷል። ዙር 2 ላይ ስሊቭ የጠየቀ ቡድን ስሊቩ አሁን የተሳሳተ ቦታ ላይ ሊሆንበት ይችላል፤ ይሁንበት። በዚህ ላይ ሁለት ፋይል ስጧቸው፣ አንዱ "የመጨረሻ"፣ ሌላው "የመጨረሻ አዲስ" የሚል፣ እና ትክክለኛው የቱ እንደሆነ አትንገሯቸው። ሳይጠይቅ ሥራ የጀመረ ቡድን በአሮጌው ይሠራል። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አይኤስኦ 19650 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ ፋይሎችን በአራት ሁኔታ እንደሚለይ ስትነግሯቸው ይሰሟችኋል፦ ገና በሥራ ላይ ያለ፣ ለሌሎች የተጋራ፣ ለሥራ የጸደቀ፣ ማኅደር የገባ። ለሠራተኛው ከነዚህ የምታስፈልገው አንዷ ናት፤ ለሥራ ካልጸደቀ አይቆረጥም።

ደረጃ 6፦ ጊዜ ካለ፣ የዳይስ ጨዋታ

ሁለተኛው ግማሽ ቀን ካላችሁ "ማን ቀድሞ ይግባ" የሚለውን በዳይስ አስተምሩ። ሐሳቡ የግንባታ ተመራማሪዋ ኢሪስ ቶሜላይን ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 የጻፉበትና በግንባታ አስተዳደር ትምህርት ውስጥ የታወቀ የሠልፍ ጨዋታ ነው። አምስት ሙያዎች ተከታትለው ይቀመጣሉ፤ 50 ጠጠር ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ያልፋል። በየሳምንቱ ሁሉም ዳይስ ይጥላል፣ የወጣለትን ያህል ጠጠር ያሳልፋል፤ ካለፈው ሳምንት ከደረሰው በላይ ግን ማሳለፍ አይችልም።

ሁለት ዓይነት ዳይስ ሥሩ። አንዱ ሦስት ፊቱ 4፣ ሦስቱ 6። ሌላው ሦስት ፊቱ 1፣ ሦስቱ 9። የሁለቱም አማካይ 5 ነው። ሁሉም በየሳምንቱ በትክክል 5 ቢያሳልፍ ሥራው በ14 ሳምንት ያልቃል። በ4ና 6 ሲጫወቱ ትንሽ ያልፋል። በ1ና 9 ሲጫወቱ ግን መጨረሻ ላይ ያለው ቀለም ቀቢ 9 ጥሎ የሚያሳልፈው ጠጠር ሳይኖረው ባዶ እጁን ይቀመጣል፣ በሌላው ሳምንት ክምር ይጠብቀውና 1 ይወጣለታል። ማንም ሰነፍ ሳይሆን ሥራ ይዘገያል። ሞዴል ላይ ጊዜ ሲጨመርበት የሚታየው ይኸው ነው፤ ዳይሱን የጣለ ሰው ያንን የጊዜ ሰሌዳ ሌላ ማብራሪያ ሳይሻ ይረዳዋል።

ደረጃ 7፦ ውይይቱ

ጨዋታው ብቻውን ሰው አያስተምርም። የትምህርት ተመራማሪው ዴቪድ ኮልብ እ.ኤ.አ. በ1984 ያስቀመጠው የትምህርት ዑደት አራት እግር አለው፦ ማድረግ፣ መለስ ብሎ ማየት፣ ከዚያ አንድ ሐሳብ ማውጣት፣ ሐሳቡን እንደገና መሞከር። አብዛኛው ሥልጠና የመጀመሪያውን አድርጎ ሻይ ይወጣል። ቢያንስ የጨዋታውን ያህል ጊዜ ለውይይቱ ስጡት፤ ከተጨናነቃችሁ ዙር 3ን ሰርዙ እንጂ ውይይቱን አትቁረጡ።

ሁሉም ተነስቶ ሳጥኑ ዙሪያ ይቁም፤ ወንበር ላይ ሲሆኑ ወደ አሠልጣኙ ያያሉ። የሚጠየቀው ቀላል ነው፣ ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ። መጀመሪያ የሆነውን ብቻ፦ ምን ተነቀለ? ስንቴ? ማን ምን አለ? እዚህ ላይ "ጥፋቱ የኤሌክትሪኩ ነው" የሚል ከመጣ ቀስ ብላችሁ ወደ ሳጥኑ መልሱት። ቀጥሎ እንዲህ ያለው ጥያቄ ይመጣል፦

"ቱቦው እንደማያልፍ መቼ ነው ያወቁት?"

"ወረቀቱን እንዳየሁ ጠርጥሬ ነበር።"

"ለማን ነገሩ?"

መልስ ከሌለ አትሙሉት፤ ዝም በሉና ጠብቁ። አብዛኛውን ጊዜ ከጎኑ ያለው ሰው ነው የሚመልስለት፦ "ቢነግርስ ማን ይሰማዋል? ፕላኑ ጸድቆ መጥቷል።" ይህ እውነተኛ ቅሬታ ነው፣ አታስተባብሉት። ሳይት ላይ ሰው የሚያውቀውን የማይናገርበትን ምክንያት ዘርዝሩ፦ ተናግሮ ያውቃል አልሰሙትም፣ የቀን ሥራው ይቆምበታል፣ የሚናገርበት ቦታ የለም። ከነዚህ ውስጥ ሞዴልና የችግር ካርድ የሚያቃልሉት የትኞቹን ነው? ሦስተኛውን። የመጀመሪያውን በከፊል፤ ቀንና ስም ያለው ጽሑፍ እንደ ቃል በቀላሉ አይረሳም። ሁለተኛውን ግን ምንም ሶፍትዌር አይፈታውም፤ የክፍያ ጉዳይ ነው፣ እሱንም በግልጽ ንገሯቸው። የማይፈታውን ይፈታል ያለ አሠልጣኝ በሌላውም አይታመንም።

መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ሥራ ላይ በሚቀጥለው ሳምንት የሚያደርገውን አንድ ነገር ይናገር። "በደንብ አቅዳለሁ" አይበቃም። "ብሎኬቱ ከመደርደሩ በፊት የቧንቧውን ፕላን ጠይቄ አያለሁ" ይበቃል። ጻፉት፣ ቆይታችሁ ትጠይቋቸዋላችሁ።

ደረጃ 8፦ አሁን ታብሌቱን ስጡ

እስካሁን ሞዴሉን አብዛኛው ሰው በሌላ ሰው እጅ ነው ያየው። አሁን ሁሉም ራሱ ይሞክር፣ አምስት ነገር ብቻ፦ መክፈት፣ ማዞር፣ ቆርጦ ውስጡን ማየት፣ መለካት፣ ችግር መጻፍ። ሞዴል መሥራት አታስተምሩ፤ ለዚያ ሌላ ሰው አለ። ልምምዱን ከደጅ አድርጉት፤ ፀሐይ ስክሪኑን ስትሸፍነው፣ እጅ አቧራ ሲሆን፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል እዚያው ይታያል። ፋይሉ ቀድሞ ታብሌቱ ላይ መውረድ እንዳለበት ያኔ ማስረዳት አያስፈልግም።

ደረጃ 9፦ ፈትኑ

ጥያቄና መልስ ወረቀት አታድሉ። ሌላ ትንሽ ሞዴል፣ ለምሳሌ አንድ መታጠቢያ ቤት፣ ስድስት ስህተት ደብቃችሁበት ስጡ። ሦስቱ ሶፍትዌሩ የሚያገኛቸው ይሁኑ፦ ቧንቧ በኮለን ውስጥ ሲያልፍ፣ ትሬይና ቱቦ ሲጋጩ፣ በር ክፈፉ ከግድግዳው ቀዳዳ ሲሰፋ። ሦስቱ ግን ሶፍትዌሩ ምንም የማይላቸው፦ ከኮርኒስ በላይ ያለ መክፈቻ የሌለው ቫልቭ፣ በሩ ሲከፈት ከኋላው የሚቀር ማብሪያ ማጥፊያ፣ ከወለሉ ከፍተኛ ቦታ ላይ የተቀመጠ የወለል ፍሳሽ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ያገኘ ታብሌት መጠቀም ችሏል። ከኋለኞቹ ሁለቱን አግኝቶ በካርድ የጻፈ፣ ቦታውንና መልስ ሰጪውን ጭምር፣ አልፏል በሉት።

ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ በሚሠሩበት ሳይት ሄዳችሁ እዚያው ያለውን ፕላን ወይም ሞዴል አስከፍቷቸው፣ የጻፉትንም ቃል አንሱ። የሚነግሯችሁን አዲስ ግጭት ለሚቀጥለው ቡድን ሳጥን አስገቡት፤ ቢሙን ከመሃል ወደ 2 ሜትር ማዛወር ብቻ እንኳ ሒሳቡን ሁሉ ይቀይረዋል፣ ያኔ ቧንቧው ከቢሙ ወዲያ 4 ሜትር ስለሚቀረው በሜትር 1 ሳንቲሜትር ሲወርድም ሆዱ ልክ 2.50 ላይ፣ ኮርኒሱ ላይ ተኝቶ ይደርሳል።